ከዓይኑ በቀር

ይታገሱ የሚለውን ስም ያወጡለት ሰዎች ወይ ቀልደኞች ነበሩ፣ ወይ የነገውን አላዩም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከእሱ የባሰ ትዕግሥት የለሽ ሰው አላውቅም። ሥጋ ቤቱ ከእኔ የልብስ ስፌት በረንዳ ፊት ለፊት ነበር። ስለዚህ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ የዚያን ሰው ጠብ ስመለከት ነው ያረጀሁት።

አንድ የገበያ ቀን አንድ ካፖርት የለበሰ ነጋዴ መጣና "ሥጋው የትናንት ነው፤ ደም ቀብተህ ነው የምትሸጠው" አለው። ይታገሱ ቢላውን አስቀመጠና ሰውየውን ማጅራቱ ላይ በካፖርቱ ይዞ፣ አንስቶ ከሥጋው መስቀያ ላይ አንጠለጠለው። ሰውየው ከሁለት ብልት መሐል እግሩን እያወራጨ ኡኡ ሲል፣ እኔ መቀሴን እንደያዝኩ ሮጬ ሄጄ ካፖርቱን ቀድጄ አወረድኩት። በማግሥቱ ያንኑ ካፖርት እኔው ሰፋሁት። የይታገሱ ጎረቤት መሆን ለልብስ ሰፊ እንጀራ ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ይብስበታል። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ጠቡ ይከፈታል። ያን ቅቤ ጠጥቶ የጠቆረ የወይራ ሽመሉን ይዞ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ይንጎራደዳል፤ ሰው ሰላምታውን እንኳ ተጠንቅቆ ነው የሚሰጠው። ክፉ ግን አልነበረም። ይኸን የምለው ወዳጄ ስለሆነ አይደለም፤ ወዳጄ ሆኖም ሁለት ጊዜ መትቶኛል። ሚስቱን ሠርክአዲስን ግን አንድ ቀን እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገራት አልሰማሁም።

ልጅ የወለዱት ከብዙ ስለት በኋላ ነው። ያለው ብለው ስም አወጡለት። ዓይነ ትልልቅ፣ መልከ መልካም ልጅ ነበር። እንደማንኛውም ሕፃን "አባ"፣ "ውሃ" ማለት ጀምሮ ሁለት ዓመት ሲሞላው አፉ ተዘጋ። ስሙን ሲጠሩት ዞር አይልም። የሰው ዓይን አያይም። ቀኑን ሙሉ የሥጋ ቤቱ ደረጃ ላይ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ በየቀለሙ ይደረድራል፤ ሰው አንዷን የነካበት እንደሆነ ግንባሩን እስኪደማ ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። ድምፅ ደግሞ ጠላቱ ነው። የአውቶቡስ ጡሩምባ ከሰማ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ይወድቅና ይጮኻል፤ ሊያነሳው የቀረበውን ይነክሳል። ያን ጊዜ የሚያበርደው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቱ ይንበረከክና በእነዚያ ጮማ ጮማ በሚሸቱ መዳፎቹ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ይሸፍንለታል። ልጁ ግንባሩን አባቱ ደረት ላይ ለጥፎ ቀስ በቀስ ዝም ይላል። ሰው መስቀያ ላይ ያንጠለጠለ እጅ እንዲያ ሲሆን ሳይ መኪናዬን መርገጥ አቆም ነበር።

ሰፈሩ ዝም አላለም። አንዱ ቡዳ በልቶት ነው ይላል፣ ሌላው አባቱ ያፈሰሰው የከብት ደም ነው ይላል። ጠበል ወሰዱት። አጥማቂ ነኝ የሚል አንድ ጎረምሳ ልጁን ከግንድ ጋር አስሮ "ልቀቅ! ተናገር!" እያለ ጀርባውን በመቋሚያ ሲደበድበው፣ ይታገሱ ለእግዚአብሔር ብሎ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ልጁ ከንፈሩን ነክሶ ደም ሲተፋ ግን አጥማቂውን ከነልብሱ ጠበሉ ውስጥ ወርውሮ፣ ልጁን ፈትቶ፣ ታቅፎት መጣ። "ሰይጣኑን አገኘሁት" አለኝ ሲመለስ። "ጢም አለው።"

በመጨረሻ ባሕር ዳር አንድ ሐኪም ልጁን ረጅም ጊዜ ወስዶ አየውና "ኦቲዝም ይባላል፤ አፈጣጠሩ ነው፣ የማንም እርግማን አይደለም" አላቸው። ይታገሱ መድኃኒቱን ጠየቀ። ሐኪሙ የሚዋጥ መድኃኒት እንደሌለው፣ የሚሻለው ለእሱ የሚሆን ትምህርት ቤት መፈለግ እንደሆነ፣ እዚያ ራሱን መቻል ሊማር እንደሚችል ነገራቸው። ትምህርት ቤቱ የት እንዳለ ግን አልነገራቸውም፤ እሱም አያውቅም መሰለኝ።

ይታገሱ የተመለሰ ዕለት መጥቶ በረንዳዬ ላይ ተቀመጠ። "መልካሙ" አለኝ፣ "እኔ ስሞት ይኸ ልጅ መንገድ ላይ በድንጋይ ነው የሚያልቅ። አሁንም ያልወገሩት እኔን ፈርተው ነው እንጅ አዝነውለት አይደለም። ትምህርት ቤት ካላገኘሁለት ሞቼም አላርፍ።" ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። አላየሁም ብዬ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ጀመርኩ።

ከምርጫው ግርግር ቀጥሎ በመጣው መስከረም፣ ከተማው ውስጥ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ሊያስመዘግበው ወሰደው። ርእሰ መምህሩ "ይኸ ልጅ እኛ ዘንድ አይሆንም" አለ። ይታገሱ ሽመሉን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ "እንዴት ነው የማይሆነው?" አለው። ሆነ።

አንደኛ ክፍልን የያዘው መምህር እንግዳው የሚባል ነበር። ቀጭን፣ ድምፀ ሰላላ፣ ሰባ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ አፍኖ የሚያስተምር ምስኪን ሰው ነው። ይታገሱ ልጁን እጁን ይዞ አቀረበለትና በአገራችን ልጅ ለመምህር ሲሰጥ የሚባለውን ቃል አለ።

"እንግዲህ መምህር፣ ከዓይኑ በቀር የእርስዎ ነው።"

ዓይኑን አያጥፉብኝ እንጂ ሌላውን እንደ ፈቀዱ ይቅጡት ማለት ነው። አባቴ እኔን ለየኔታ ሲሰጠኝ ብሎታል፤ የአባቴም አባት ብሎታል። ማንም አስቦ አይለውም። እንደ "እንደምን አደሩ" ከአፍ ይወጣል፤ መምህሩም "በጀ" ብሎ ይቀበላል። መምህር እንግዳውም "በጀ" አለ።

ያለውን ያስቀመጡት መስኮት ሥር ነው። ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ ደወሉ አለ። ደወል የምለው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመቱት እኔ በረንዳ ድረስ ይሰማል። ቸርኬው በተመታ ቁጥር ያለው ይጮኻል፣ ይወድቃል፣ አጠገቡ ያለውን ልጅ ይነክሳል። በጮኸ ቁጥር ደግሞ መምህሩ በጎማ አለንጋ ይገርፈዋል። ልጁ ጀርባው ሰንበር በሰንበር ሆኖ ይመጣል። ሠርክአዲስ ቅቤ እየቀባችው ታለቅሳለች።

"ዱላ ያልቀመሰ ሰው አይሆንም" ይላል ይታገሱ። "እኔስ በዱላ አይደል ያደግሁ?"

"አድገህ ምን ሆንክ?" አልኩት አንድ ቀን። ሁለተኛ የመታኝ ያን ቀን ነው።

ኅዳር ሲያልቅ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያለው ብቻውን መንገዱን ተሻግሮ መጣ። አላለቀሰም። ደረጃው ላይ ተቀመጠና ቆርኪዎቹን መደርደር ጀመረ። እኔም አይቼው ሥራዬን ቀጠልኩ። ሠርክአዲስ ናት ቆም ብላ ያየችው። በግራ እጁ ነበር የሚደረድረው። ቀኝ እጁ ከክርኑ ላይ ወደማይሆን ወገን ዞሮ ተንጠልጥሏል፤ አጥንቱ ቆዳውን ወጥሮታል። ሕመሙን የሚናገርበት አንደበት የለው፤ እንዲያው ቆርኪውን ይደረድራል። ሠርክአዲስ ስትጮኽ ይታገሱ ከውስጥ ወጣ። እጁን አየው። ከዚያ ከኋላው ተከትለውት የመጡትን የጎረቤት ልጆች ጠየቀ። ደወል ሲደወል ያለው የመምህሩን አውራ ጣት ነክሶ አልለቅም ብሎ ነበር። መምህሩም የተሰበረ የወንበር እግር አንስቶ መታው።

ይታገሱ ሽመሉን ከግድግዳው ላይ አነሳና ሄደ። አልሮጠም፤ እኔን ያስፈራኝ ያ ነው። ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳጠለጠልኩ ተከተልኩት። ክፍሉ ሲደርስ በሩን በእግሩ መታውና ገባ። መምህር እንግዳው ጠመኔ እንደያዘ ዞር አለ። "አባት፣ ልጁ እኮ..." ከማለቱ ሽመሉ መንጋጋው ላይ አረፈ። የሰማሁት የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ነው። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳውን ይዞ ወደቀ፤ ጥርሱና ደሙ ከጠመኔው ዱቄት ጋር ተቀላቀለ። ልጆቹ በመስኮት እየዘለሉ ወጡ፤ አንዷ የአስተማሪው ወንበር ሥር ገብታ ታለቅሳለች። ይታገሱ ሽመሉን ሁለተኛ አነሳ። እኔ ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ፣ ሁለት መምህራን ወገቡን ያዙ። ሦስታችንም አልበቃነውም ነበር፤ ደግነቱ ሽመሉ ከጣሪያው ማገር ጋር ተጋጨና ከእጁ ወጣ። ያ ማገር ባይኖር አንድ ሰው ሞቶ አንድ ሰው ይሰቀል ነበር።

ታሰረ። ሥጋ ቤቱ በጾምም በፍስክም ተዘግቶ ከረመ። ወጌሻ ያለውን አሸው፤ ነገር ግን ለአሥር ሰው የሚከብድ ልጅ ነው፣ ጨርቁን በጥርሱ እየፈታ አስቸገረ። ክርኑ ተጣሞ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁ አይታጠፍም።

ይታገሱ ሲፈታ ሽማግሌ ተቀመጠ። ቄስ አድማሴ ዳኛ ሆኑ፤ እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርኩ። የተቀመጥነው ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው። በአንድ ወገን ይታገሱ፣ በሌላው ወገን መምህር እንግዳውና ወንድሙ ቢሆነኝ። ቢሆነኝ ከማንኩሳ ወዲያ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ ቀይ። ይታገሱ ክሱን አሰማ። የልጁን እጅ አሳየ። ሲናገር አረፋ ይደፍቅ ነበር።

መምህር እንግዳው ተነሳ። አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፤ ቃሉ በጥርሱ ቀዳዳ ያፏጫል። "አጥፍቻለሁ" አለ። "ልጁን ሳስበው እንቅልፍ የለኝም። ግን አባቶቼ ፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። አያ ይታገሱ፣ ልጁን ሲሰጡኝ ምን ነበር ያሉኝ?"

ይታገሱ የልጁን እጅጌ ይመልስ ጀመር።

"ከዓይኑ በቀር አላሉኝም? ዓይኑን ነክቼብዎታለሁ?"

ሽማግሌው ሁሉ አቀረቀረ። ከመካከላችን ያን ቃል ያላለ አንድ ሰው አልነበረም። ቄስ አድማሴ መስቀላቸውን ያገላብጣሉ። ይታገሱ ከተቀመጠበት ተነሳ፤ ሁላችንም ሊመታው ነው ብለን ተነሳን። እሱ ግን ቡጢውን ጨብጦ የገዛ አፉን መታ። እንደገና መታ። ከንፈሩ ተተርትሮ ደሙ በአገጩ ሲወርድ "ይኸ አፍ ነው" አለ፤ "ይኸ አፍ ነው የሰበረው።" ከዚያ ሄዶ የመምህሩን ጉልበት ሳመ። መምህሩም አንስቶ ሳመው። እርቁ ወረደ ስንል ቢሆነኝ ዱላውን አነሳ።

"የወንድሜ መንጋጋ በመሳም አይቃናም" አለ። "እኔ አልታረቅሁም። አባቶች ምስክር ሁኑ።" ጥሎን ወጣ። በእኛ አገር እንዲህ የተባለ ሰው ከዚያ ወዲያ ባዶ እጁን አይሄድም።

ትምህርት ቤት ፍለጋው እንደገና ተጀመረ። ሠርክአዲስ "ፊደሉ ቢቀር ቢያንስ ጸሎቱን ይስማ" ስትል ማንኩሳን አለፍ ብሎ ካለ አንድ ደብር፣ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ዘንድ ወሰዱት። መሪጌታው ልጁን ቁጭ አድርገው አዩት። ተማሪዎቹ ከዛፉ ሥር ዜማቸውን ሲያስተጋቡ ያለው ጆሮውን ይዞ ይወዛወዛል።

"ልጄ" አሉት ይታገሱን፣ "እኔ የማስተምረው በጆሮና በዱላ ነው። የዚህ ልጅ ጆሮው ቁስል ነው፤ ዱላውን ደግሞ ጠግቦታል። እምቢ አልልህም፤ ነገር ግን ስናደድ እጄን አላምነውም። ወስደህ የሚሆነውን ፈልግለት።" ይታገሱ ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። እውነቱን የነገሩኝ የመጀመሪያው መምህር እሳቸው ናቸው ይል ነበር ኋላ።

ቡሬ እንዲህ ላሉ ልጆች አንድ ክፍል መከፈቱን ሠርክአዲስ የሰማችው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ይታገሱ አላመነም፤ ግን ሄዱ። ክፍሉ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ግቢ ኋላ፣ የራሱ በር ያለው ብቸኛ ቤት ነው። ዘበኛው ሽመሉን አይቶ "ዱላ ደጅ ነው የሚቀመጥ" አለ። ይታገሱ ገፍቶት ሊገባ ሲል መምህርቷ ወጣች። ያምሮት ትባላለች፤ የደምበጫ ልጅ፣ ቀጭን፣ ገና ኮሌጅ ከጨረሰች ብዙ ያልቆየች። ክንዷ በጥርስ ጠባሳ ተዥጎርጉሯል።

"አባት፣ ዱላውን ደጅ ይተዉት።"

"አንች ልጅ፣ እኔ ደመኛ ያለብኝ ሰው ነኝ።"

"ይኑርዎት። እኔ ደግሞ ዱላ ሲያዩ ሽንታቸው የሚያመልጣቸው ልጆች አሉብኝ። የእርስዎን ልጅ እስቲ ዞር ብለው ይዩት።"

ዞሮ አየ። ያለው እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጦ፣ ሰው የማያይ ዓይኑን ሽመሉ ጫፍ ላይ ተክሎ ይንቀጠቀጣል። ይታገሱ ልጁ የሚፈራው የመምህር እንግዳውን አለንጋ እንጂ የእሱን ሽመል ነው ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ሠርክአዲስ እንደነገረችኝ፣ ሽመሉን ለዘበኛው ሲሰጥ እጁ ይዞት አልለቅም ብሎ ነበር።

ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ልጆቹ ጥቂት ናቸው። ደወል የለም፤ መጫወቻ ሲያበቃ ያምሮት በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ታነሳለች፣ ሁሉም እያየ ይገባል። ያለው ወዲያው ጥግ ላይ ያሉ ባለ ቀለም እንጨቶችን አግኝቶ መደርደር ጀመረ፤ ያምሮት አጠገቡ ተቀምጣ ሳትነካበት የራሷን ረድፍ ደረደረች። ብዙ ቆይቶ አንድ እንጨት ከእሷ ረድፍ ወስዶ ወደ ራሱ ጨመረ። ይታገሱ ይኸን ሲያይ ተነሳ። እጅ ሊነሳ ጎንበስ አለና ከልማዱ አፉን ከፈተ።

"እንግዲህ መምህርት፣ ከዓይኑ..."

"ከዓይኑ ምን?"

"ምንም" አለ ይታገሱ። "ጆሮውን። ጆሮውን ይጠብቁልኝ። ጩኸት አይችልም።"

"እጠብቃለሁ" አለች። "እርስዎም ያግዙኛል። እዚህ በር ላይ አንድ ቀን ጠብ የተነሳ እንደሆነ ስንት ወር የለፋሁበት ይፈርስብኛል። ጠብ ይዘው ከመጡ ልጅዎን ይዘው ይሄዳሉ።" ይታገሱ በሚካኤል ማለ። ይኸን ስሰማ ሳቅሁ፤ ዝናብ እንዳይዘንብ የማለ መስሎኝ ነበር።

የፍኖተ ሰላሙን ሥጋ ቤት ዘግቶ ቡሬ ገባ። የገዛ ቤቱ ጌታ የነበረ ሰው ሌላ ሰው ሥጋ ቤት ተቀጥሮ ብልት ይቆርጥ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ልጁን ያደርሳል፤ ሽመሉን በሩ ላይ ለዘበኛው ይሰጣል፤ ልጁን ያስገባል፤ ሽመሉን ተቀብሎ ይሄዳል። በዚያች መሐል ባዶ እጁን ነው። ሚስቱ ትጸልይ የነበረው ስለዚያች መሐል ነው።

ቢሆነኝም በቆሎውን የሚሸጠው ቡሬ ገበያ ነው። የሰው ዕለተ ቀን እንዲህ ነው።

እኔ ያን ቀን ክርና አዝራር ልገዛ ቡሬ ሄጄ፣ እነሱ ዘንድ አድሬ፣ ጠዋት አብሬያቸው ወጣሁ። በሩ ላይ ደረስን። ይታገሱ ሽመሉን ሰጠ፤ ዘበኛው አጥሩ ላይ አስደገፈው። የልጁን እጅ ይዞ አንድ እግሩን አስገብቶ ነበር።

"ይታገሱ!"

ድምፁ መንገዱን ሞላው። ቢሆነኝ ዱላውን ጨብጦ እየሮጠ ይመጣል። ይታገሱ ዞረ። ሽመሉ ክንዱን ቢዘረጋ የሚደርስበት ቦታ ነው፤ አየሁት፣ ዓይኑ ወደዚያው ሄደ። ያለው ግን ጩኸቱን ሰምቶ ጆሮውን ይዞ መውደቅ ጀምሯል። ይታገሱ ተንበረከከና በሁለት መዳፉ የልጁን ጆሮ ሸፈነ።

የመጀመሪያው ዱላ ጀርባው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ትከሻው ላይ፤ ሲሰበር ተሰማኝ። ዘበኛው ይጮኻል። እኔ የይታገሱን ሽመል አነሳሁ። በሕይወቴ ሰው መትቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን የቢሆነኝን ራስ ልከፍለው ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል።

"መልካሙ፣ አስቀምጥ!" አለኝ ይታገሱ በታፈነ ድምፅ። "ልጆቹ!"

መስኮቱ ላይ ትናንሽ ፊቶች ተደርድረዋል። ሽመሉ እጄ ላይ ደረቀ። ቢሆነኝ እንደገና መታ፤ ይታገሱ እኔን ለመናገር ፊቱን ዞር አድርጎ ስለነበር የዱላው ጫፍ ዓይኑን መታው። ያየሁትን አልጽፈውም። ደሙ በጉንጩ ወርዶ በልጁ ፀጉር ላይ ይንጠባጠባል። እጆቹ ግን ከልጁ ጆሮ ላይ አልተነሱም። ያለው ግንባሩን አባቱ ደረት ላይ ለጥፎ ዝም ብሏል።

ቢሆነኝ ዱላውን እንዳነሳ ቆመ። "ተነሳ!" አለ። "ተነስተህ ምታኝ እንጅ! ምነው አትመታኝ?" ያለቅስ ነበር። "ወንድ አይደለህም? ምነው አትመታኝ?"

"ቀስ በል" አለው ይታገሱ። "ይሰማል።"

የቢሆነኝ ዱላ ከእጁ ወደቀ። አልሸሸም፤ ፖሊስ እስኪመጣ መንገዱ ዳር ራሱን ይዞ ተቀምጦ ጠበቀ። ያምሮት ወጥታ ልጁን ከአባቱ መዳፎች ውስጥ ስትቀበል እሷም በደም ተነከረች። ቀዩን ጨርቅ አነሳችለት፣ ያለውም አይቶ ገባ።

ሐኪም ቤት የይታገሱ ዓይን ከተጠቀለለ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ልጁን አስወጣችው?" ብሎ ነው። በሩ ላይ ጠብ ተነስቷላ፤ መሐላው ፈርሷል ብሎ ነው። አላስወጣችውም አልኩት። "እርግጥ?" አለ። እርግጥ አልኩት። ያን ጊዜ ነው ሕመሙን መቃተት የጀመረው።

መምህር እንግዳው መጥቶ አልጋው ሥር ቆሞ አለቀሰ። ይታገሱ ችሎት ላይ ስለ ቢሆነኝ ምሕረት ለመነ፤ ሽማግሌም ጨረሰው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቢሆነኝን መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ፣ ሆዴ ግን ሰላም አይለውም።

ያለው ተአምር አላሳየም። ተአምር የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ። በግራ እጁ አዝራር መቆለፍ ተምሯል፤ ሸሚዞቹን ትልልቅ አዝራር እያደረግሁ የምሰፋለት እኔ ነኝ። ሲጠማው "ውሃ" ይላል። ጡሩምባ ሲሰማ ጆሮውን ራሱ ይሸፍናል፣ አይወድቅም። "አባ" የሚለውን ገና አላለም፤ ይታገሱ ይጠብቃል።

በሚቀጥለው መስከረም ጨርቅ ላደርስለት ሄጄ፣ በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ከይታገሱ ጋር ተቀምጠን ነበር። አንድ የገጠር ሰው መጣ። ሴት ልጁን ወገቧ ላይ በመጫኛ አስሮ እየጎተተ ነው፤ ፀጉሯ የተነጨ፣ ጉልበቷ የቆሰለ ልጅ። ዱላውን ዘበኛው ተቀበለው። ሰውየው ያምሮትን ሲያይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፣ የመጫኛውን ጫፍ ዘረጋላትና "እንግዲህ መምህርት፣ ከዓይኗ በቀር የእርስዎ ናት" አለ።

ይታገሱ ከአጠገቤ ተነሳ። ያን አካሄድ አውቀዋለሁ፤ አይሮጥም። ሄዶ የሰውየውን ኮት ማጅራቱ ላይ ያዘው። መቀስ አልያዝኩም፤ ተነሳሁ። ሰውየው ዞሮ ያን የጎደጎደ ዓይን ሲያይ ቀለሙ ጠፋ። ይታገሱ ግን ኮቱን ለቀቀና ክንዱን ይዞ መስኮቱ ጋ ወሰደው። ያለው ውስጥ ተቀምጦ ሸሚዙን በግራ እጁ ይቆልፋል፤ ቀኙ እንደ ደረቅ እንጨት ጎኑ ላይ ተዘርግቷል።

"የኔ ልጅ ነው" አለው ይታገሱ። "እኔም ዓይኑን ብቻ ነበር ያስቀረሁ። ዓይኑ ይኸው፣ ደኅና ነው። እጁን ተመልከት።"

ሰውየው ብዙ ተመለከተ። ከዚያ ፈራ ተባ እያለ ይታገሱን አየው። "የእርስዎስ ዓይን?" አለ።

"ዓይንማ ትንሹ ነው" አለ ይታገሱ፤ ጎንበስ ብሎም የልጅቷን መጫኛ መፍታት ጀመረ።